ሰብዉፈር ከመላካችሁ በፊት የኋላ ወንበሩን እዩ

ሲያትል ከገባሁ 19 ዓመት ሆነኝ። አዲስ የመጡ የጅማ ልጆች ይደውሉልኛል። "ወንድሜ ለፒካፑ ሰብዉፈር ላክልኝ አለኝ፣ የትኛውን ልግዛ?" ይሉኛል። ሰብዉፈር ማለት ቤዙን፣ ማለት ወፍራሙን ድምፅ፣ የሚያወጣው ስፒከር ነው። መጀመሪያ እቆጣለሁ። የምቆጣው በእኔ የደረሰው እንዳይደርስባቸው ነው። በቁጥር ልንገራችሁ።

1. ወረቀት። ጉምሩክ ምን እንደሚያስከፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ደረሰኝ ያዙ። አለቀ።

2. ዋት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ "1200 ዋት" የሚለው ለገበያ የተጻፈ ነው። አርኤምኤስ፣ ማለት ሳይቋረጥ የሚሰጠው እውነተኛ አቅም፣ ከሚለው ጎን ያለችውን ትንሿን ቁጥር ፈልጉ። የደብል ጋቢና ፒካፕ ውስጡ ጠባብ ነው፣ ጥበቱ ራሱ ቤዙን ያጎላዋል። ባለ 8 ወይም ባለ 10 ኢንች ይበቃል። ባለ 12 ለማስገባት ሰው ማስወጣት አለባችሁ።

3. ሽቦ። የእኔ ገንዘብ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ወንድሜ "ድምፁ ይቆራረጣል፣ አምፑ እየጠፋ ያስቸግራል" አለኝ። አምፕ ለሰብዉፈሩ ድምፁን የሚያጎላለት መሣሪያ ነው። አቅም አንሶት ነው ብዬ ትልቅ አምፕ ላክኩ። ባሰበት። ባትሪው ደክሟል ተባለ፣ የባትሪ ላክኩ። ለውጥ የለም። ለእረፍት ስሄድ ኮፈኑን ከፈትኩት። ከባትሪው የወጣው ሽቦ ቤት ውስጥ ለሶኬት የሚዘረጋው ቀጭኑ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ፊውዝ የለውም። ማሳው፣ ማለት ኔጌቲቩ፣ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ታስሯል።

ሒሳቡ ቀላል ነበር። የ300 ዋት አምፕ በ12 ቮልት 25 አምፔር ይስባል፣ ብክነቱ ሲጨመር 30 ያልፋል። ሽቦው ሲቀጥን ቮልቱ ይወርዳል፣ አምፑም ራሱን ለመጠበቅ ይጠፋል። ትልቅ አምፕ ስታስገቡ ደግሞ የበለጠ ይስባል። ሦስት ጊዜ ገንዘብ ልኬ መድኃኒቱ ወፍራም ሽቦ ነበር። ባለ 4 ጌጅ የመዳብ ሽቦ ይሁን፤ ጌጅ የውፍረት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ፊውዙ ከባትሪው በ45 ሳንቲም ውስጥ ይግባ፤ ፊውዝ የሌለው ሽቦ ተልጦ ቦዲ ከነካ መኪናው ሊቃጠል ይችላል። ማሳው የሚታሰርበት ብረት እስኪያበራ ይፋቅ። የድምፁ ገመድ ከፓወሩ ሽቦ በተቃራኒ ጎን ይሂድ።

4. ቦታ።

ወንድሜ በቴሌግራም ፎቶ ይልክልኝ ነበር። አምፑ ላይ የሚበራው ሰማያዊ መብራት፣ ጥቁር ምንጣፍ የለበሰው ሳጥን። ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር አሳይ ነበር። ሳጥኑ የት እንደተቀመጠ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

ከኋላ ወንበር ፊት፣ እግር በሚያርፍበት ቦታ ነበር የተቀመጠው። ወንድሜ ከአጋሮ ቡና ያመላልሳል። እማዬ እህቷን ለመጠየቅ በየሁለት ሳምንቱ አብራው ትሄዳለች። እኔም በሄድኩበት ጊዜ አብረን ወጣን። እንግዳ ነው ብለው እኔን ከፊት አስቀመጡኝ። ዞር ስል እማዬ ነጠላዋን ሰብስባ ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ሳጥኑ ላይ ሰቀለች። ጉልበቷ ደረቷ ጋ ደረሰ። ወንድሜ ሞተር አስነሳ። ለምደውታል። አጋሮ ድረስ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንደዚያ ተጣጥፋ፣ ጉልበቷን በእጇ እያሸች ሄደች።

"ጫማሽን ለምን አወለቅሽ?" አልኳት።

"ዕቃህ እንዳይቆሽሽ ነዋ።"

"እያመመሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ የላክኸውን እንዴት አንሡልኝ እላለሁ፣ ልጄ?"

ሁለት ዓመት። በየእሑዱ እየደወልኩ "ጉልበትሽ እንዴት ነው?" እላት ነበር። ለጉልበቷ መድኃኒት ልኬያለሁ። መድኃኒቱንም ሳጥኑንም የላክኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ስሙኝ። ከመላካችሁ በፊት ፎቶ አስልኩ። የመብራቱን አይደለም። እናታችሁ ኋላ ተቀምጣ፣ እግሯ እየታየ። በመኪናው ማን እንደሚሄድ ጠይቁ፣ ስንት ሰው፣ ምን ያህል መንገድ። "ምን ልላክላችሁ?" አትበሉ፣ ያፍራሉ። "ምን አስቸገራችሁ?" በሉ። እሱንም ደጋግማችሁ።

በማግስቱ ጅማ መርካቶ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ወሰድነው። የኋላ መቀመጫውን አንሥተን ከሥሩ ያለውን ክፍት ቦታ በሜትር ለካን። ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ አይለይም። ሰብዉፈር ወንበር ሥር ቢደበቅ ምንም አይጎድልበትም። ስስ ባለ 8 ኢንች በተዘጋ ሳጥን ገባ። ክሪኩ የሚወጣበትን ተውን፣ የቀበቶ ብሎን አልነካንም። አምፑን ከወለል ከፍ አድርገን አሰርነው፤ በጅማ ክረምት ጭቃና ውሃ በጫማ ይገባል፣ ምንጣፍ ሥር ያለ አምፕ ይዝጋል። ትልቁ ሳጥን ተሸጠ።

ቅዳሜ ጠዋት ተመልሰን ወደ አጋሮ ወጣን። ወለሉ ባዶ ነው። እማዬ በሩን ይዛ ቆመች፣ ከዚያ ልማድ ሆኖባት ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች።