ለኮርስ ብስክሌት የትኛው ጎማ ይሻላል? የሰሜን ሸዋ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት የኮርስ ብስክሌት ጎማ ስለ መቀየር የሚመለከቱ በመሆናቸው ዓምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ። ጠያቂዎቹ የሚነዱበት መንገድ ለየቅል ነው፤ አንዱ ደጋው ላይ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸኖ ሜዳ ለሜዳ ይጋልባል፣ ሌላው ከጣርማ በር ቁልቁል እስከ ቆላው ይወርዳል፣ ሌላው ደግሞ አስፋልት ሲያልቅበት ኮረኮንች ይገባል። ያም ሆኖ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀላልና ፈጣን ጎማ ምከረን ብለው ጽፈዋል። የእኔ አቋም ከወዲሁ ቢታወቅ ይሻላል፤ እንዲህ ባለ አገር ጥቂት ግራም ለመቀነስ ተብሎ ስስ ጎማ ከመግዛት፣ ቸርኬውና ፍሬሙ እስከፈቀዱ ድረስ ሰፋና ጠንከር ያለውን መግዛት ይመረጣል። ከታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ከደብረ ብርሃን፦ የብስክሌቴ ጎማ 700×23 የሚል ነው። ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት ግን 27 ኢንች የሚል ሲሆን ጎሚስታው፣ ልዩነቱ ኢምንት ስለሆነ እንዲያውም በቀላሉ ይገባል አለኝ። ልግዛው?

አይግዙት። አደጋው ያለው በቀላሉ መግባቱ ላይ ነው።

በጎማ ጎን ላይ ከሚታተሙት ቁጥሮች ሁሉ እምነት የሚጣልባቸው በሰረዝ የተያያዙት ሁለቱ ናቸው። ለምሳሌ 23-622 ተብሎ ቢጻፍ፣ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማውን ስፋት፣ ሁለተኛው ደግሞ የጎማው ጠርዝ ቸርኬው ላይ የሚያርፍበትን ክብ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ይገልጻል። 700 ተብሎ የሚጠራው የእርስዎ ጎማ በዚህ አቆጣጠር 622 ነው፤ 27 ኢንች የተባለው ግን 630 ነው። የ8 ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይን አይታይም፤ ይሁን እንጂ የጎማው ጠርዝ ቸርኬውን አጥብቆ ስለማይይዝ፣ አየሩ ሲበዛ ወይም መታጠፊያ ላይ ክብደት ሲያርፍበት ጎማው ከቸርኬው ላይ ሊወጣ ይችላል። ይህ ደግሞ እየነዱ ሳሉ የሚደርስ ነገር ነው።

28 ኢንች የሚለው ጽሑፍ ከዚህ የባሰ ያሳስታል። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ 28 ኢንች የሚሉት ይህንኑ 622 ነው። በየገጠሩ የምናውቀው የህንድና የቻይና ጥቁሩ ትልቅ ብስክሌት የሚወስደው 28×1½ የተባለው ጎማ ግን 635 ነው። በዚህ ላይ 28-622 የሚል ጎማ ካገኙ፣ እዚያ ላይ ያለው 28 ኢንች ሳይሆን የስፋት ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ባለ ሱቁ ስንት ኢንች ይፈልጋሉ ብሎ ሲጠይቅዎ 622 ብለው ይመልሱ፤ ቁጥሩንም ራስዎ አንብበው ያረጋግጡ። የማውንቴን ብስክሌት 26 ኢንች 559 ስለሆነ ጨርሶ አይገባም። 29 ኢንች የሚባለው በዲያሜትር ያው 622 ቢሆንም በስፋቱ ምክንያት ከኮርስ ፍሬም ውስጥ አይዞርም።

ከጫጫ፣ አንዲት መምህርት፦ ብስክሌቴ አሮጌ ሲሆን የለመድኩት 23 ነው። አሁን ሁሉም 28 አድርጊ ይሉኛል። ሰፊ ጎማ አያዘገይም? ለመሆኑስ ይገባልኝ ይሆን?

አያዘገይም። ጎማ በተንከባለለ ቁጥር መሬት የሚነካው ክፍሉ ይጎብጥና ይመለሳል፤ በዚህ መሃል ጥቂት ጉልበት በሙቀት መልክ ይባክናል። በእኩል የአየር ግፊት ሰፊው ጎማ መሬቱን የሚነካው አጠር ብሎ ጎን ለጎን በሰፋ ቅርጽ ስለሆነ የሚጎብጠው ያነሰ ነው፤ የሚባክነውም እንዲሁ። አስፋልቱ ሻካራ ወይም የተጠጋገነ ሲሆን ደግሞ በጣም የተነፋ ቀጭን ጎማ ጋላቢውን እያንቀጠቀጠ ጉልበቱን በሰውነቱ ውስጥ ያባክንበታል። በቀድሞ ዘመን 23ን እና ከዚያም የጠበበውን ይጠቀሙ የነበሩ የዓለም ተወዳዳሪዎች ዛሬ 28 እና ከዚያ በላይ የሚያስገጥሙት ለምቾት ብለው ብቻ አይደለም።

ይገባል ወይ የሚለው ግን በልኬት የሚመለስ ነው። ከ23 ወደ 28 ሲቀየር ጎማው በየጎኑ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል፣ ወደ ላይ ደግሞ አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ከተጨመረው በኋላ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ አራት ሚሊ ሜትር ክፍተት መትረፍ ይኖርበታል፤ ጭቃና ጠጠር የሚያልፉበት፣ ቸርኬውም ጥቂት ቢጣመም ፍሬሙን እንዳይፍቅ የሚያደርገው ይኸው ክፍተት ነው። የሚለኩት ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ በፊት ሹካው ውስጥ፣ ከፍሬኑ ድልድይ በታች፣ እንዲሁም ከፔዳሉ ኋላ ሁለቱ የፍሬም ቱቦዎች ጎማውን በሚያቅፉበት። ባለ አጭር ክንድ የቸርኬ ፍሬን የተገጠመላቸው አሮጌ ፍሬሞች ብዙዎቹ 25 ላይ ይቆማሉ፤ እንዲህ ከሆነ 25ን ይግዙ፣ ከ23 የሚሻልበት መጠንም በግልጽ ይታወቅዎታል። የጎማው ትክክለኛ ስፋት በቸርኬው የውስጥ ስፋት እንደሚለወጥም አይዘንጉ፤ በሰፊ ቸርኬ ላይ 28 የተባለው ጎማ ሲለካ 30 ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የአየሩን ነገር ካልጨመርኩ መልሱ ጎዶሎ ይሆናል። በጎማው ጎን የታተመው ግፊት ሊታለፍ የማይገባውን ጣሪያ የሚያሳይ እንጂ የሚመከረው መጠን አይደለም፤ ጎሚስታዎቻችን ግን የመኪና ልማድ ይዞአቸው ነው መሰለኝ እስከ ጣሪያው መንፋት ይወዳሉ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ28 ጎማ ከፊት 4.5፣ ከኋላ 5 ባር ጥሩ መነሻ ነው፤ በ25 ደግሞ ግማሽ ባር ያህል ይጨመርበታል። ከዚያ በክብደትዎና በመንገድዎ ልክ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል።

ከደብረ ሲና፦ ደብረ ብርሃን በማለዳ ውርጭ ነፍቼ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሙቀቱ ጎማውን ያፈነዳዋል ስለሚሉኝ፣ ጣርማ በር ላይ ቆሜ አየር አስተነፍሳለሁ። ልክ ነኝ?

ልክ አይደሉም፤ ጥያቄው ግን ብልህ ጥያቄ ስለሆነ በዝርዝር ልመልሰው።

በጉዞዎ ላይ ሁለት ነገሮች ተቃራኒ ሥራ ይሠራሉ። ደብረ ብርሃን በ2840 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ በ1280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ወደ ቆላ በተወረደ ቁጥር የውጭው አየር እየከበደ ስለሚሄድ፣ በመለኪያ የሚነበበው የጎማ ግፊት በዚህ ምክንያት ብቻ 0.15 ባር ያህል ይቀንሳል። በአንጻሩ ሙቀቱ በጎማው ውስጥ የታመቀውን አየር ግፊት ያሳድገዋል። በታኅሣሥ ማለዳ 5 ዲግሪ ላይ 5 ባር የነፉት ጎማ፣ ቆላው ላይ 30 ዲግሪ ቢደርስ በሙቀቱ ብቻ ግማሽ ባር ይጨምራል። ሁለቱ ሲቻቻሉ መለኪያው ላይ የሚያገኙት 5.4 ባር ገደማ ነው። ይህን የማይችል ደኅና ጎማ የለም። ይልቁንስ ጣርማ በር ላይ ያስተነፈሱት ጎማ ገና በብርዱ ውስጥ እያለ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በልል አየር ይወርደዋል፤ መታጠፊያ ላይ ይወላገዳል፣ ጉድጓድ ሲመታም ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል።

ጎማ ያፈነዳል የሚባለው ወሬ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ምክንያቱ የቆላው ሙቀት ሳይሆን የፍሬኑ ሙቀት ነው። የእርስዎ ፍሬን ቸርኬውን ጨምቆ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ፣ ከጣርማ በር እስከ ደብረ ሲና ድረስ ሳይለቁ እየያዙ ሲወርዱ የብስክሌቱና የእርስዎ ክብደት የሚያመነጨው ሙቀት ሁሉ ቸርኬው ላይ ይከማቻል። ከመነዳሪው ከዚያ ቸርኬ ጋር የተጣበቀ በመሆኑ የተለጠፈበት ቦታ ማጣበቂያው ይለቃል፣ አለዚያም በቫልቩ ሥር ይሰነጠቃል። መፍትሔው ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያም መልቀቅና ቸርኬውን ለነፋስ መስጠት ነው፤ እጅ ሲዝልና ቸርኬው ሲግል ወርዶ ማረፍ አያሳፍርም። ለጎማ ግዢዎ የሚጠቅመውም ትምህርት ይኸው ነው፦ ለዚህ ቁልቁለት ተራውን የቡቲል ከመነዳሪ ይምረጡ። ቀላል ናቸው ተብለው የሚሸጡት የላቴክስ ከመነዳሪዎች፣ እንዲሁም አንዳንዶቹ ፕላስቲክ መሳይ ስስ ከመነዳሪዎች የቸርኬ ፍሬን ለሚያመነጨው ሙቀት አይመከሩም፤ በተለይ ቸርኬው ካርቦን ከሆነ። ዲስክ ፍሬን ያለው ሰው ሙቀቱ ከጎማው ርቆ ዲስኩ ላይ ስለሚቀር ከዚህ ሐሳብ ነፃ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ በየሳምንቱ እሾህ ይበሳብኛል። ያለ ከመነዳሪ የሚሠራው አዲሱ ጎማ መፍትሔ ይሆነኛል?

ከመግዛትዎ በፊት አሮጌውን ጎማ አውልቀው ውስጡን በጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉት፤ ጨርቁ የሚያዝበት ቦታ ላይ ስባሪ እሾህ አለ። የግራር እሾህ ጫፉ ጎማው ውስጥ ተሰብሮ ስለሚቀር፣ አራት ጊዜ ተበሳሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ እሾህ አራት ጊዜ የተበሳ ነው።

ከዚህ በኋላም ከቀጠለ፣ በመሬት ጎኑ ሥር መከላከያ ድርብ ያለበት ጎማ ይፈልጉ። የኮንቲኔንታል ጌተርስኪን በዚህ የታወቀ ነው፤ ክብደት ይጨምራል፣ ጠጠር ያለ ስሜትም አለው፣ እኔ ግን ለቆላ ግራር አገር ከማንኛውም የውድድር ጎማ አስቀድመዋለሁ። ያለ ከመነዳሪ የሚሠራው ጎማ ትንንሽ ቀዳዳን በውስጡ በሚጨመር ፈሳሽ ራሱ ስለሚደፍን ለእሾህ በእርግጥ ይስማማል። ይሁን እንጂ ቸርኬውም ጎማውም ለዚሁ የተሠሩ መሆን አለባቸው። ፈሳሹ በሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ በየጥቂት ወሩ ይታደሳል፤ ጎማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቸርኬው ላይ ለማስቀመጥም ኃይለኛ ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር አፉ ለመኪና ቫልቭ ስለሆነ ፕሬስታ የሚባለውን ቀጭን ቫልቭ የሚያገናኝ ትንሽ አዳፕተር ኪስዎ ውስጥ ይያዙ፤ ይህ ከመነዳሪ ለሚጠቀመውም ይሠራል። ፈሳሹን ሳያቋርጡ የሚያገኙበት ሰው ከሌለዎት ለጊዜው ይቅርብዎ። ደግሞም ጠርዙ መንጠቆ የሌለው አዲስ ዓይነት ቸርኬ ከሆነ ከ5 ባር በላይ መንፋት አይፈቀድም፤ ለዚያ ቸርኬ የተፈቀደውን ጎማም ከፋብሪካው ዝርዝር ማየት ግዴታ ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ጎማ ነው። ያለቀው የኋላው ነው። አዲሱን ከኋላ ላድርገው?

አዲሱን ከፊት ያድርጉት፤ የፊቱን ወደ ኋላ ያዛውሩት፣ ያለቀውን ይጣሉት። የኋላ ጎማ ክብደቱንም የፔዳሉንም ጉልበት ስለሚሸከም ቶሎ ያልቃል፤ የኋላው ቢፈነዳ ብዙውን ጊዜ ብስክሌቱን መቆጣጠር ይቻላል፣ የፊቱ ቢፈነዳ ግን መሪው ከእጅ ይወጣል። ስለዚህ ደኅናው ጎማ ምንጊዜም ከፊት ነው።

ከሸኖ፦ ለክረምት ጥርስ ያለው ጎማ ያስፈልጋል? የእኔ ልሙጥ ነው።

አስፋልት ላይ አያስፈልግም። ለመኪና ጎማ ጥርስ የሚሠራለት ውኃውን ከሥሩ እንዲያስወጣ ነው፤ የብስክሌት ጎማ ግን ጠባብና በከፍተኛ ግፊት የተነፋ ስለሆነ ውኃውን ሰንጥቆ መሬት ይይዛል፤ ብስክሌት በሚደርስበት ፍጥነትም ውኃ ላይ አይንሳፈፍም። በእርጥብ መንገድ የሚይዘው የላስቲኩ ልስላሴ ነው። በገበያ ቀን ከጋሪና ከከብት እግር አስፋልቱ ላይ የሚቀረውን ጭቃ የኮርስ ጎማ ጥርስ አይመክተውም፤ ከወትሮው ግማሽ ባር ቀንሶ፣ ሳይታጠፉ ቀስ ብሎ ማለፍ ይሻላል።

ከደብረ ብርሃን፣ ሌላ አንባቢ፦ ዘመዴ ከውጭ የላከልኝ ጥሩ ጎማ ቤት ውስጥ ለዓመታት ተቀምጧል። ይሠራል?

ከፀሐይ ርቆ፣ ሳይተጣጠፍ በደረቅ ቦታ ተቀምጦ ከሆነ ሊሠራ ይችላል። ጎኑን በአውራ ጣትዎ ጫን አድርገው ያጥፉትና በብርሃን ይዩት፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ብቅ ካሉ ወይም ክሩ ከታየ አይጠቀሙበት። ንጹሕ ሆኖ ካገኙት ገጥመው አንድ ሌሊት ነፍተው ያሳድሩት፣ ጠዋት እያሽከረከሩ ያበጠ ወይም የተጣመመ ቦታ እንደሌለው ይመልከቱ። በጎኑ የአቅጣጫ ቀስት ካለ ቀስቱ ጎማው ወደ ፊት ሲዞር ወደሚሄድበት እንዲያመለክት አድርገው ይግጠሙት፤ ለመጀመሪያው ጉዞም ወደ ጣርማ በር ሳይሆን ሜዳውን ወደ ጫጫ ይንዱት።