መልስ፦ ቶርክ ወይስ የፈረስ ጉልበት?

ወንድሜ፣ «ቶርኩ የበለጠ መኪና ሁልጊዜ ይቀድማል ወይ?» ላልከው፣ አይቀድምም። ቶርክ ሞተሩ ዘንጉን የሚጠመዝዝበት ኃይል ነው፤ የፈረስ ጉልበት ግን ዘንጉ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞርም ይቆጥራል። ኒውተን ሜትሩን (የቶርክ መለኪያ ነው) በደቂቃ ዙሩ አባዝተህ ለ9,549 ብታካፍለው ኪሎዋቱን ታገኛለህ፤ ኪሎዋትም እንደ ፈረስ ጉልበት የሞተር ጉልበት መለኪያ ነው።

የመጀመሪያውን ሆንዳ ኤስ2000 እና ሰባተኛውን ትውልድ የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ እንይ፤ ሁለቱም ባለ 2 ሊትር ሞተር ናቸው። የሆንዳው ቶርክ 208 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፣ እሱም በ7,500 ዙር! የጎልፉ 350 ነው። ሆኖም ሆንዳው 8,300 ዙር ላይ 240 የፈረስ ጉልበት ሲያወጣ ጎልፉ 220 ላይ ይቆማል። ዙሩ ብዙ ስለሆነ ሆንዳው በዝቅተኛ ማርሽ ረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል፤ ማርሹ ደግሞ ቶርኩን አባዝቶ ነው ለጎማው የሚያደርሰው። ስለዚህ የሞተሩን ቶርክ ብቻ አይተህ አትፍረድ።

ለዕለት ተዕለት መንዳት ግን እኔ ጎልፉን እመርጣለሁ። በቱርቦው (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) ምክንያት ያ 350 ከ1,500 እስከ 4,400 ዙር ድረስ አይለይህም፤ ማርሽ ሳትቀንስ ከፊትህ ያለውን ታልፋለህ። ሆንዳው ካላስጮህከው ይተኛብሃል (ጩኸቱን ለሚወድ ግን ሌላ ጨዋታ ነው)።