ከምክራችሁ ማዶ ሰው አለ

ልጆቼ፣ እኔ በኮምፒውተር ሥራ ላይ ፀጉሬ ሸብቷል። ያወቃችሁትን የቴክኖሎጂ ዘዴ ጽፋችሁ ለሌላው ስታካፍሉ ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። እኔም ይህንኑ ስሠራ ነው የኖርኩት። ዛሬ ግን ካበላሸሁት ልጀምርላችሁ።

አንድ ጊዜ ብሮውዘራቸው እየተንቀረፈፈ ላስቸገራቸው ሰዎች አጭር ምክር ጻፍኩ። «ሴቲንግ ውስጥ ግቡ፣ የተጠራቀመውን ዳታ ሁሉ አጥፉ፣ በቃ» የሚል። ሦስት መስመር ነበር። ብዙ ሰው አመሰገነኝ። ከዚያ አንድ አባት ደወሉልኝ። እንዳልኩት አድርገዋል። የመጣላቸው ሳጥን ላይ ሁሉ ምልክት አድርገው አጥፍተዋል። ለዓመታት ብሮውዘሩ ላይ ሴቭ ያደረጓቸው ፓስወርዶችም አብረው ሄዱ። ኮምፒውተሩና ስልኩ ላይ ያለውን አንድ ዓይነት የሚያደርገው ሲንክ በርቶ ስለነበር ከስልካቸውም ጠፋ። አልተቆጡኝም። «አንተ ያልከውን ነው እኮ ያደረግኩት» ብቻ አሉኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ማጥፋት የነበረባቸው ካሹን ብቻ ነበር። ካሽ ብሮውዘሩ ደጋግሞ ላለማውረድ የሚያስቀምጣቸው ምስሎችና ፋይሎች ናቸው። ቢጠፉ መልሶ ያወርዳቸዋል። ኩኪ ድረ ገጾች እናንተን ለማስታወስ ብሮውዘሩ ላይ የሚያስቀምጡት ትንሽ ፋይል ነው። ቢጠፋ ከገባችሁባቸው አካውንቶች ያስወጣችኋል፤ እንደገና ትገባላችሁ። መግቢያው ፓስወርድ ራሱ ሲጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ልዩነት አሳምሬ አውቀው ነበር። መጻፉን የዘለልኩትም ስለማውቀው ነው። የምናውቀው ነገር ለእኛ በጣም ግልጽ ስለሚሆን መነገር ያለበት አይመስለንም።

ስለዚህ አንድን ዘዴ ስትጽፉ ቢበላሽ እንዴት እንደሚመለስ አብራችሁ ጻፉ። የማይመለስ ከሆነ ደግሞ ከላይ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተናገሩት። ሰው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚያነበው እየሠራ ነው። ማስጠንቀቂያውን መጨረሻ ላይ ካስቀመጣችሁት፣ እዚያ ሲደርስ ቁልፉን ተጭኖታል።

ሌላው የምክር ዕድሜ ነው። «አዲስ ስልክ መጀመሪያ 8 ሰዓት ቻርጅ አድርጉት፣ ሙልጭ ብሎ ሳያልቅም አትሰኩት» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ምክሩ ከባዶ የመጣ አይደለም። የድሮዎቹ የኒኬል-ካድሚየም ባትሪዎች ሳያልቁ ደጋግመው ሲሞሉ አቅማቸው የሚቀንስበት ጠባይ ነበራቸው። ሶኒ የሊቲየም-አዮን ባትሪን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የዛሬ ስልኮቻችን የሚሠሩት በዚህ ዓይነቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ሙልጭ እያለ ሲያልቅ ይጎዳል እንጂ አይጠቀምም። ባትሪው ተቀየረ፣ ምክሩ ግን ባለበት ቀረ። ምክንያቱ አብሮት ስላልተጻፈ፣ መቼ መተው እንዳለበት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የፓስወርዱም ነገር እንዲሁ ነው። በየሦስት ወሩ ቀይሩ፣ ቁጥርና ምልክት ቀላቅሉበት ስንባል ስንት ዓመት ኖርን! እኔ ራሴ ለስንቱ አስተምሬዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ኒስት መመሪያውን አሻሻለ። ተሰርቋል የሚያሰኝ ማስረጃ ከሌለ በስተቀር ሰውን በየጊዜው ማስቀየር አያስፈልግም አለ። በግድ ቀይር የተባለ ሰው መጨረሻ ላይ ያለችውን 1 ወደ 2 ቀይሮ ነው የሚያልፈው። የቀድሞውን ምክር የጻፉት ቢል በር በዚያው ዓመት መጸጸታቸውን በአደባባይ ተናገሩ። በጡረታ ዕድሜ እንዲህ ማለት ቀላል አይደለም፤ እኔ በጣም አከብራቸዋለሁ።

እናንተም ከጽሑፋችሁ ላይ ቀን አይጥፋ። በየትኛው ስልክ፣ በየትኛው ቨርዥን እንደሞከራችሁት ይታወቅ። ስህተት ስታገኙ ሹልክ አድርጋችሁ አታጥፉት። ከላይ «ይህ ተሳስቷል፣ ትክክለኛው ይህ ነው» ብላችሁ አርሙት። ትናንት አንብቦ የሠራው ሰው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ዘዴውን ከሌላ ሰው ካገኛችሁት ደግሞ ስሙን ጥሩ።

ያልሞከራችሁትን ነገርስ? አታሰራጩት። «ኢንኮግኒቶ ከገባችሁ ማንም አያያችሁም» የሚለው ስንት ጊዜ ተጻፈ። ኢንኮግኒቶ የብሮውዘሩ የግል መስኮት ነው፤ የሚሠራውም የጎበኛችኋቸው ገጾች ታሪክ በራሳችሁ መሣሪያ ላይ እንዳይቀር ነው። ኢንተርኔት የሚያቀርብላችሁ ድርጅት፣ የመሥሪያ ቤታችሁ ኔትወርክ፣ የገባችሁበት ድረ ገጽ ማየታቸውን አይተዉም። ይህን አምኖ ምስጢሩን ያጋለጠ ሰው ቢኖር፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት ያሳሳተችው።

ስለ ቃላትም ትንሽ ልበል። አንባቢው ስክሪኑ ላይ የሚያየውን ቃል ጻፉለት። «ካሽ» የሚል ከሆነ «ካሽ» በሉት፣ ከዚያ ምን ማለት እንደሆነ በራሳችሁ ቋንቋ አስረዱት። የተዋበ ትርጉም ፈልጋችሁ ብትጽፉለት ስልኩ ላይ ሲፈልገው ይውላል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከቴክኖሎጂ ለራቀ ሰው ስጡት። እናታችሁ ትሁን፣ አጎታችሁ። አጠገባቸው ተቀመጡ፣ አትናገሩ፣ እጃችሁንም አትዘርጉ። ይህ ከባድ ነው፤ እኔ አሁንም ይፈትነኛል። ጣታቸው ያመነታበት ቦታ ላይ አንድ ነገር ጎድሏል። እሱን ጨምሩና ሌላ ሰው ፈልጉ። ያንን የብሮውዘር ምክር እንዲህ አድርጌ እንደገና ስጽፈው ሦስቱ መስመር 11 ሆነ። መጀመሪያ የላክሁት ለእኚያ አባት ነበር።