የመጨረሻው ቁልፍ ሲጠፋ፦ ደብረ ሲና ስለቆመችው ኮሮላ

ጤና ይስጥልኝ። ጠያቂያችን ደብረ ሲና ገበያ ውስጥ የ2005 ሞዴል አውቶማቲክ ኮሮላቸው ብቸኛ ቁልፍ እንደጠፋባቸው ገልጸዋል። አንድ መካኒክ የመሪውን መቆለፊያ ሰብሮ የማስነሻውን ሲሊንደር (ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበትን ክፍል) በሌላ ሊቀይርላቸው እንደሚፈልግ ነግረውን፣ ይህን ይፍቀዱለት ወይስ መኪናዋን አዲስ አበባ ድረስ ያስጎትቱ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ስሆን፣ በዚሁ ጉዳይ አንድ ጊዜ በራሴ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በባለቤቴ ወንድም መኪና ተፈትኛለሁ። ምክሬ ምንም እንዳያሰብሩ፣ እንዳያስጎትቱም፣ ይልቁንም ባለሙያውን ከነመሣሪያው ቁልፉ ወደጠፋባት መኪና እንዲያስመጡ ነው። ምክንያቱን ልዘርዝር።

በእርስዎ መኪና ዘመን ቁልፍ የምንለው ሁለት ነገር በአንድነት የያዘ ነው። አንዱ በማሽን የሚቀረጸው ብረት ሲሆን፣ ሁለተኛው በፕላስቲክ እጀታው ውስጥ የተቀበረች ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ቺፕ ናት። ቺፗ የራሷ ባትሪ የላትም፤ ቁልፉ ሲገባ በማስነሻው ቀዳዳ ዙሪያ ያለው የሽቦ ቀለበት በሚያወጣው ደካማ ሞገድ ጉልበት አግኝታ መለያዋን ትመልሳለች፤ መኪናው ያንን መለያ ካወቀው ብቻ ለሞተሩ ቤንዚንና የካንዴላ እሳት ይፈቅዳል። ካላወቀው ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው ሞተሪኖ እንደ ወትሮው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። እንግዲህ ሲሊንደሩን መቀየር ከሁለቱ ነገሮች አንዱን ብቻ መቀየር ነው።

ይህን የተማርኩት ከጽሑፍ አይደለም። ከአምስት ዓመት ገደማ በፊት ለለቅሶ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ሄጄ አድሬ ነበር። ማለዳ ላይ ውርጭ የያዘውን በር በኃይል ስከፍት ቁልፉ ከመሐሉ ተሰበረ፤ ግማሹ በሩ ውስጥ፣ እጀታው በእጄ ቀረ። ደግነቱ የተሰበረው ጫፍ በጥቂቱ ወጣ ብሎ ስለነበር በቀጭን ፒንሳ ሳብኩት። (በነገራችን ላይ እንዲህ ሲያጋጥም ቁራጩን በሱፐር ግሉ አጣብቆ ማውጣት የሚሉት ዘዴ አለ፤ ሙጫው ወደ ሲሊንደሩ ከፈሰሰ ጥፋቱ ከቁልፉ ይብሳልና አይሞክሩት።) የቤት ቁልፍ የሚቀርጽ አንድ ሰው ሁለቱን ቁራጮች ገጥሞ በጥሬ ቁልፍ ላይ ቀረጸልኝ። በሩ ተከፈተ፤ ደስ አለኝ። ማስነሻውም ዞረ፣ ሞተሪኖውም ጮኸ፣ መኪናው ግን እምቢ አለ። ብርድ ነው ብዬ ደጋግሜ ስሞክር ባትሪውን ልጨርሰው ጥቂት ሲቀረኝ፣ አንድ በዕድሜ የገፉ የሚኒባስ ሾፌር ቀርበው የተሰበረውን እጀታ ጠየቁኝ። እጀታውን ከማስነሻው ቀዳዳ ጎን አስጠግተው ይዘው «አሁን አስነሳው» አሉኝ፤ በመጀመሪያው ተነሳ። እጀታውን በፕላስተር መሪው ሥር አስሬ በሞላሌ አድርጌ ጣርማ በርን አልፌ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ስለዚህ ቁልፉ ተሰብሮበት ይህን የሚያነብ ካለ፣ ቁራጮቹን ሁሉ፣ በተለይም እጀታውን፣ ፈጽሞ እንዳይጥል።

የባለቤቴ ወንድም ግን እንደ እርስዎ ቁልፉ ጨርሶ ጠፋበትና ሲሊንደሩን እንቀይር በሚሉ ሰዎች እጅ ወደቀ። ስሙን የማልጠቅሰው ጋራዥ የመሪውን መቆለፊያ በመዶሻና በመሰርሰሪያ ሰብሮ ሲጨርስ መኪናው ያው አልነሳም፤ በመጨረሻ የቺፕ ባለሙያ መፈለጉ አልቀረም። ዛሬ ለበሩ አንድ፣ ለማስነሻው ሌላ ቁልፍ ይይዛል። ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን በግማሽ የተሰበረው መቆለፊያ ነው፤ የቀረ ቁራጭ ብረት መሪውን በጉዞ ላይ ቢይዘው፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አካባቢውን የሚያውቅ ሰው አያጣውም።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። አስቀድመው መኪናዋ ቺፕ የምትጠይቅ መሆኗን ያረጋግጡ፤ እንደ ዲኤክስ ያሉት የቀድሞ ኮሮላዎች ብረቱ ከተቀረጸላቸው ይበቃቸዋል፤ ከጃፓን ገበያ ከመጡትም መካከል ቺፕ የሌላቸው አሉ። ቺፕ ባለው ኮሮላ ቁልፉ ከወጣ በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ይታያል፤ በመስኮት በኩል አይተው ማወቅ ይችላሉ። ባለሙያውን ሲደውሉለት ሞዴሉን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ መኪናዋ ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ሁሉም ቁልፍ ጠፍቷል» የሚለውን በግልጽ ይንገሩት። አንድ የሚሠራ ቁልፍ እያለ ሌላ መጨመር ቀላል ሥራ ሲሆን፣ አንድም በሌለበት ግን መኪናው የሚያውቃቸውን ቁልፎች የያዘውን መዝገብ እንደገና መክፈት ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ ቶዮታዎች ይህ ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ በኩል በኮምፒውተር ይሠራል፣ በሌሎቹ ደግሞ ይህን መዝገብ የያዘው የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ሳጥን ተፈትቶ የውስጡ ማኅደረ ትውስታ መነበብ አለበት። ሁለተኛውን የማይችል ሰው ያን ያህል መንገድ መጥቶ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ነው።

ለብረቱ የሚቀረጸው ናሙና ባይኖርም መፍትሔ አለው። መኪናው አዲስ ሳለ ከቁልፎቹ ጋር ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ ብረት ትሰጣለች፤ ከሊብሬው ጋር በፖስታ ውስጥ ተቀምጣ እንደሆነ፣ ወይም መኪናዋን የሸጠልዎት ሰው ዘንድ ቀርታ እንደሆነ ይፈልጓት፤ በዚያ ቁጥር ብቻ ቁልፉ ሊቀረጽ ይችላል። ከሌለች የበሩ ሲሊንደር ተፈትቶ ወይም በልዩ መሣሪያ ተነብቦ ቅርጹ ይገኛል። ሊብሬዎንና መታወቂያዎን ያዘጋጁ፣ ለፖሊስ ያመለከቱበት ማስረጃ ካለዎትም ይጨምሩ፤ እነዚህን ሳይጠይቅ ቁልፍ የሚሠራልዎትን ሰው እኔ በግሌ አላምነውም፣ ነገ ለሌላውም በእርስዎ መኪና ላይ እንዲሁ ይሠራልና። ሥራው ሲጀመር የመኪናው ባትሪ የደከመ እንዳይሆን፤ ምዝገባው መሐል ላይ ኃይል ቢቋረጥ መቆጣጠሪያው ሊበላሽ ስለሚችል ቻርጀር ወይም የሌላ መኪና ባትሪ አጠገብዎ ይኑር።

የጠፋው ቁልፍ ከመዝገቡ እንዲሰረዝ ይጠይቁ። ከተሰረዘ ሞተሩን አያስነሳም፤ በሩን ግን አሁንም ይከፍታልና፣ ገበያ ውስጥ የተሰረቀ ከመሰለዎት መኪናው ውስጥ ውድ ዕቃ አይተዉ። ዋጋውን አስቀድመው ለየብቻ ያስነግሩ፤ ቅርጹ፣ ቺፑ፣ ምዝገባውና የመንገዱ ወጪ ተደባልቆ አንድ ጠቅላላ ቁጥር ከተነገረዎት የሚከራከሩበት ነገር አይኖርዎትም።

ማስጎተትን በተመለከተ፣ የእርስዎ ኮሮላ ኃይሏ ከፊት ጎማ ነው። ያለ ቁልፍ መሪው የተቆለፈ፣ ማርሹም ከማቆሚያው የማይወጣ ስለሆነ በገመድ የሚሆን ነገር የለም፤ የማርሹን መያዣ በእጅ ቢያስለቅቁት እንኳን የፊት ጎማዎቹ መሬት እየነኩ ረጅም መንገድ መጎተት የለባቸውም፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮውን ዘይት የሚያዘዋውረው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ነውና። የግድ ከሆነ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ በጭነት መኪና ላይ ትውጣ።

ባለሙያው ሲመጣ በአንድ ጉዞ ሁለት ቁልፍ ያሠሩ፤ ለሁለተኛው የሚጨምሩት ገንዘብ ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም። ሳይከፍሉ ሁለቱንም ይፈትኗቸው፤ ሲፈትኑ ግን አንዱን ከመኪናው ውጭ ለሌላ ሰው ይስጡት፤ በአንድ ቀለበት አብረው ካንጠለጠሏቸው የአንዱ ቺፕ ለሌላው ስለሚመልስ ያልተመዘገበው ቁልፍ የሠራ ሊመስልዎት ይችላል። ዛሬ ማታ ቀይዋ መብራት ብልጭ ትል እንደሆነ አይተው ይንገሩን፤ ከዚያ ባለሙያውን ምን ብለው እንደሚጠይቁት አብረን እናያለን።