ማሽኑ ከበሮውን ይከተል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔና ጓደኛዬ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እሱ የፍቼ ልጅ ነው፣ በኦሮምኛ ይዘፍናል፤ እኔ በአማርኛ። በቅርቡ የኮሎምቢያዎቹን ቦምባ ኤስቴሬዮ ሰምተን አበድን። የአገራቸውን ምት ከኤሌክትሮኒክ ጋር ሲቀላቅሉት መገጣጠሚያው እንኳን አይታይም። እኛም ከበሮና ማሲንቆ በስልክ ቀዳንና ከስር የዳንስ ቢት ከተትንበት። የወጣው ነገር ግን ሁለት ዘፈን ባንዴ የተከፈተ ይመስላል። ምን አጠፋን? ሁለት ቋንቋስ አይበዛም?

መልስ፦ ጥፋቱን ራስህ ጽፈኸዋል። «ከስር ቢት ከተትንበት» ብለሃል። ያ ቢት ሌላ ቦታ ተሰርቶ ያለቀ ነው፤ ከበሮውን አያውቀውም።

ቦምባ ኤስቴሬዮን እንደ ፈረንጆቹ በ2005 የጀመረው ሲሞን ሜሂያ የቦጎታ ሰው ነው። ቦጎታ እንደ እናንተ ደጋ ነው፣ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ብርዱ ያው ነው። ዘፋኟ ሊ ሳውሜት ግን የሳንታ ማርታ ልጅ ናት፣ የካሪቢያን ባሕር ጠረፍ፣ ሙቀት። ኩምቢያ የሚባለው ምት ደግሞ ከዚያው ጠረፍ ነው የወጣው፤ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ከበሮ፣ የነባሩ ሕዝብ ዋሽንትና የስፔን ቋንቋ ተገናኝተው። አንዱ ደብረ ብርሃን ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሌላዋ ከጣርማበር ቁልቁል ወርደህ ሸዋ ሮቢት የምታገኛት ብትሆን ብለህ አስበው።

አሁን ከበሮውን ጠጋ ብለህ እይ። በባህላዊው ኩምቢያ ሦስት ከበሮ አለ። ታምቦራ እንደ እኛ ከበሮ ሁለት ፊት አለው፣ በዱላ ይመታል፣ ወፍራሙን ድምፅ ይሰጣል። አሌግሬ፣ ደስተኛው ማለት ነው፣ እንደ ልቡ ይጫወታል። ትንሹ ያማዶር ይባላል፣ ጠሪው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ በምትና በምት መካከል ያለው ክፍተት ላይ ጠብ ይላል። ሰውነትን የሚያነቃንቀው እሱ ነው። ኩምቢያን ወደ ማሽን ስትወስደው የታምቦራን ሥራ ለኪክ (ለማሽኑ ወፍራም ዱምታ) እና ለቤዝ፣ የጠሪውን ለሃይሃት (ለቀጭኑ የጽናጽል ድምፅ) ወይም ለሲንት (ድምፅ ለሚፈጥረው ኪቦርድ) ትሰጣለህ። ማሽኑ የከበሮዎቹን ቦታ ይረከባል እንጂ የራሱን ይዞ አይመጣም።

የእናንተ ከበሮ ደግሞ ችክችካ ነው የሚመታው። ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው፣ እያንዳንዱ ምት ውስጥ ሦስት ሦስት አለ። የሙዚቃ ማቀነባበሪያ ፕሮግራሙን ስትከፍተው ግን አራት አራተኛ ሆኖ፣ ምቱን ለአራት ቆርሶ ነው የሚጠብቅህ። ሦስቱን አራት ላይ ስታንጋድደው ትከሻ የት እንደሚወድቅ ይጠፋዋል፣ እስክስታው ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ግሪዱን፣ ማለት ፕሮግራሙ ላይ ምቱን የሚከፋፍሉትን መስመሮች፣ በሦስት ክፈለው። የከበሮውን ሰፊ ፊት ዱምታ ለኪኩ፣ የጠባቡን ፊት ጥፊ ለሃይሃቱ አድርገው። ከዚያ ከበሮውን ዝጋና ማሽኑን ብቻ ስማ። ትከሻህ ሳታዝዘው ከነቃ ተሳክቷል፣ ካልነቃ ወደ ከበሮው ተመለስ።

ሌላም አለ። ማሲንቆ ተጫዋቹን ጆሮው ላይ ሜትሮኖም፣ ያን ምት የሚቆጥር ቀጭ ቀጭታ፣ አትክተትበት። እኔ አንድ ጊዜ ደብረ ሲና ላይ ይህን ስህተት ሠርቻለሁ፤ ሽማግሌው ደቂቃ ሳይሞላ ሄድፎኑን አውልቀው ማሲንቆውን ግድግዳ ላይ አስደገፉትና ቡና እንዲመጣላቸው ጠየቁ፣ የዚያን ቀን ቀረጻም በዚሁ አበቃ። እንደ ልባቸው ይጫወቱ፣ የፕሮግራሙን ፍጥነት አንተ በኋላ ከእሳቸው ጋር አስተካክል። ድምፁንም ቅኝት በሚያስተካክለው ኦቶቲውን በሚባል ፕሮግራም ቀጥ አታድርግ። ማሲንቆ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ናት፣ ድምፁን ጣት ነው የሚፈልገው፤ ከኪቦርዱ ጋር ካልገጠመ ኪቦርዱን ነካ አድርገህ ወደ ማሲንቆው አምጣው። ስትቀዳ ስልኩን ከከበሮው አንድ ክንድ አርቅ፣ ከቀረበ ዱምታው ይፈነዳብሃል። መስኮቱና በሩ ላይ ብርድ ልብስ ስቀል፣ መቼም በእናንተ ከተማ ብርድ ልብስ አይጠፋም።

ሁለት ቋንቋ አይበዛም። የሚበዛው ትርጉም ነው። አንተ ያልከውን እሱ በኦሮምኛ ከደገመው አድማጩ አንድ ነገር ሁለቴ ሰማ። ሶን በሚባለው የኩባ ሙዚቃ መሪው ስንኝ ይወረውራል፣ ኮረሱ ይመልሳል፤ ይሄ የእኛው አውጪና ተቀባይ ነው። አንዴ አንተ አውጣ እሱ ይቀበል፣ ሌላ ጊዜ እሱ ያውጣ አንተ ተቀበል። ደግሞ «ላቲን የእኛ አይደለም» የሚል ከመጣ፣ ሙላቱ አስታጥቄ እንደ ፈረንጆቹ በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ያወጣውን አልበም «አፍሮ ላቲን ሶል» ብሎ እንደሰየመው ንገሩት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፈው። ልጄ የአባቱን ቀረርቶ ሳይነግረው ቀድቶ በኮምፒውተር ቆራርጦ ዘፈን ሠራበት። አባትየው የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ሰማውና ከልጁ ጋር መነጋገር አቆመ። ማነው ጥፋተኛው?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ነው። ማሽን መጠቀሙ ግን አይደለም ጥፋቱ። ቀረርቶ ስለ ወገንና ስለ አባት የሚወጣ ነገር ነው፣ መሐሉ ላይ ከተቆረጠ የአባት ስም ግማሹ ቀርቶ ግማሹ ሲደጋገም ይሰማል፤ ለሰሚው ጨዋታ ነው፣ ለባለቤቱ ስድብ። ልጁ ቁጭ ብሎ መጀመሪያ ያልተቆረጠውን አባቱን ያሰማቸው። ቀጥሎ የቱ መቆየት እንዳለበት፣ የቱ እንደማይነካ ራሳቸው ይንገሩት። እምቢ ካሉም እምቢ ነው፣ ዘፈኑ ይወርዳል። እርስዎ ግን እስከዚያው ያልተቆረጠውን ቅጂ ፍላሽ ላይ አስገልብጠው ሣጥንዎ ውስጥ ያኑሩት፤ የወጣት ስልክ መቼ እንደሚሰበር አይታወቅም።