ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ካሳ ለምትጠይቁ ወገኖች

እጁ የተሰበረ ሰው ጄሶውን ያሳያል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ነገር የለውም። ሲቲ ስካን የደም መፍሰስንና የአጥንት ስብራትን እንጂ በአንጎል ውስጥ የደረሰውን ረቂቅ ጉዳት ስለማያወጣ ውጤቱ ንጹህ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። በዚያው ሌሊት «ምንም የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ የተላከ ሰው፣ ከቀናት በኋላ ብርሃን ይወጋው፣ እንቅልፍ ይነሳው፣ በልጆቹ ላይ ያለ ምክንያት ይጮህ ይጀምራል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሐኪም ቤቶችና በጠበቃ ቢሮዎች ሳስተረጉም የኖርሁ ሰው ነኝ። የወገኖቻችን የካሳ ጉዳይ የት ላይ እንደሚበላሽ ከቅርብ አይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ ገና በምርመራ ክፍል ውስጥ ነው።

ነርሷ ገብታ «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ትላለች። ራስ ምታት ሌሊቱን ሙሉ ሲያሠቃየው ያደረው የእኛ ሰው ቀና ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላታል። ነርሷ ወደ ኮምፒውተሯ ዞር ብላ ሕመምተኛው ሕመም እንደሌለበት መናገሩን ትመዘግባለች። ጊዜው ሲደርስ የኢንሹራንሱ ጠበቃ ያንኑ ገጽ አውጥቶ፣ በቢጫ ቀለም አስምሮበት ከፊታችሁ ያኖረዋል። ምስጋናችሁን ለአምላክ አቅርቡ፤ ለነርሷ ግን የት፣ መቼና ምን ያህል እንደሚያማችሁ ንገሯት።

ከራስ ምታቱ ይልቅ የምንደብቀው መርሳቱን፣ ቁጣውንና ለቅሶውን ነው። «አእምሮውን ነካው» እንዳይባል እንፈራለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ካሳም የለውም ብዬ እጨምርበታለሁ። ትንሽ ደብተር ያዙና የየዕለቱን ጻፉ። «ሽሮው ምድጃ ላይ ተረስቶ አረረ፤ የልጄ መምህርት ስም ጠፋኝ፤ ከቀትር በኋላ መጋረጃ ዘግቼ ተኛሁ» የሚል አንድ መስመር፣ «በጣም ታምሜያለሁ» ከሚል ሙሉ ገጽ ይበልጣል።

ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጅ የአባቱን ለቅሶ ለሐኪም አይተረጉምም፤ አለሳልሶ ያልፈዋል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሐኪም ቤቶች በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። በዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

ጉዳዩ ሲጠነክር ኒውሮሳይኮሎጂስት ወደሚባለው ባለሙያ ትላካላችሁ። ሰዓታት የሚፈጅ የማስታወስና የማሰብ ፈተና ይሰጣችኋል። ፈተናው የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ አፋቸውን ለፈቱ ሰዎች ስለሆነ፣ ውጤታችሁ ዝቅ ሲል ተከራካሪው ወገን «ይህ የቋንቋ ችግር እንጂ የአንጎል ጉዳት አይደለም» ማለቱ አይቀርም። ይህን የሚመልሰው ከአደጋው በፊት ማን እንደነበራችሁ የሚያሳይ ማስረጃ ነው፤ የትምህርት ውጤት፣ የሥራ ግምገማ፣ የሚያውቋችሁ ሰዎች ምስክርነት። አንዲት የማውቃት እህት የዕቁብ ጸሐፊ ነበረች። ከአደጋው በፊት የጻፈችበት ደብተር ስሙም ድምሩም አንድ እንከን የለበትም። ከአደጋው በኋላ ባሉት ገጾች አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ዕጣ እንደወጣለት ተጽፏል፤ ድምሩም ተሰርዞ ተሰርዞ መጨረሻው አይታወቅም። ከሐኪም ሪፖርት ሁሉ ያ ደብተር ይበልጥ ተናገረላት።

ሕክምናን ማቋረጥ ሌላው መዘዝ ነው። ለማገገም ብሎ አዲስ አበባ ሄዶ ወራት የሚቀመጥ፣ ጠበል የሚገባ ብዙ ነው። በእምነታችሁ አልገባም። ነገር ግን በመዝገቡ ላይ የሚታየው ባዶ ጊዜ «ድኖ ነበር» ተብሎ ይተረጎምባችኋል። ከመሄዳችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ አገር ቤትም ታይታችሁ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛችሁ ተመለሱ። በሠርግ ላይ እስክስታ ስትመቱ የተነሳ ቪዲዮም በፌስቡክ ከወጣ ተከራካሪው ጠበቃ እጅ እንደሚገባ ቁጠሩት።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ለተጎጂ ጨካኝ የሆነ የቆየ ደንብ ይከተላሉ፤ ለአደጋው ጥቂት እንኳ የራሳችሁ ጥፋት ካለበት ካሳው ሙሉ በሙሉ ሊቀርባችሁ ይችላል። ዲሲ በ2016 ባወጣችው ሕግ ለእግረኞችና ለብስክሌት ነጂዎች ደንቡን አላልታለች፤ ለመኪና ነጂ ግን እንደነበረ ነው። ስለዚህ በአደጋው ቦታ ለጨዋነት ብላችሁ «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አትበሉ። ፖሊስ ጥሩ፣ ፎቶ አንሡ፣ የምስክር ስልክ ያዙ። የሌላው ወገን ኢንሹራንስ ደውሎ ድምፃችሁን ልቅረጽ ሲል እሺ የማለት ግዴታ የለባችሁም።

የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ ለመመሥረት ሕጉ የሚሰጠው የጊዜ ገደብ፣ በአብዛኛው በሜሪላንድና በዲሲ 3 ዓመት፣ በቨርጂኒያ 2 ዓመት ነው። ይህን ሰምቶ የሚዘናጋ ይከስራል፤ የመታችሁ መኪና የመንግሥት ከሆነ ጊዜው ያጥራልና። ለዲሲ አስተዳደር በ6 ወር ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ለሜሪላንድ ካውንቲ በ1 ዓመት። እንደ ፖስታ ቤት ያለ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ በ2 ዓመት ውስጥ አስቀድሞ ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ይቀርባል።

በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው፣ ለምሳሌ በመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ተንሸራቶ የወደቀ፣ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ለማግኘት የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ለአሠሪው ግን በቶሎ ማሳወቅ አለበት፤ በቨርጂኒያና በዲሲ በ30 ቀን፣ በሜሪላንድ በ10 ቀን ውስጥ። ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ደግሞ አፑ በዚያች ደቂቃ ተዘግቶ፣ ጥሪ እየጠበቀ ወይም ተሳፋሪ ይዞ እንደነበር የሚያሳየውን የስልካችሁን ገጽ ወዲያው ፎቶ አንሡ፤ ኢንሹራንሱ የሚለያየው በዚያ ነው።

አደጋውን ያደረሰው የራሳችን ሰው ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ «ወገንህን ፍርድ ቤት አታቁም፣ ልጆቹን አስብ» ይላሉ። ሽምግልናን አከብራለሁ። እዚህ ላይ ግን ሽማግሌዎቹ የሚስቱት ነገር አለ። የክሱ ወረቀት የሹፌሩን ስም ቢይዝም፣ እስከ ውሉ ጣሪያ ድረስ ካሳውን የሚከፍለውም ሆነ ለሹፌሩ ጠበቃ የሚያቆመው በየወሩ ሲከፍለው የኖረው ኢንሹራንስ ነው። ከጣሪያው በላይ ለሆነው ደግሞ የራሳችሁ የመኪና ኢንሹራንስ ውል ሊደርስላችሁ ይችላልና ለጠበቃችሁ አሳዩት። ዕርቁን ፈጽሙ፣ ቡናውንም አብራችሁ ጠጡ፤ ወረቀት ላይ ግን አትፈርሙ፣ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብም አትቀበሉ።

ሐኪም ቤት ድረስ መጥቶ ወይም ቤታችሁ ደውሎ «ጠበቃ ላገናኝህ» ከሚል ደላላ ራቁ። ጠበቆች ብዙውን ጊዜ ከምታገኙት ላይ ሲሶውን ይወስዳሉ፤ ክስ ከተመሠረተ እስከ 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ድርሻቸው የሚሰላው የባለሙያ ምስክርና የሰነድ ወጪ ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላችሁ ጠይቁ፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የጭንቅላት ጉዳት ጉዳይ ከዚህ በፊት ይዘው ያውቁ እንደሆነም አጣሩ። የአንገት ሕመም ጉዳዮችን በፍጥነት የሚዘጋ ቢሮ ለዚህ አይሆንም።

ኢንሹራንሱ ቀድሞ የሚልከው ቼክ ከመጨረሻ ስምምነት ጋር ይመጣል። ከፈረማችሁ በኋላ ሕመሙ ቢብስም ጉዳዩ ተዘግቷል፤ ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ምን ያህል እንደምትሻሉ ሳይናገር አትቸኩሉ። ለአካል ጉዳት የተከፈለ ካሳ የፌዴራል ገቢ ግብር የለበትም። ሆኖም ሕክምናችሁን የከፈለው ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና ሽፋን) ወይም የጤና ኢንሹራንስ ያወጣውን ሊያስመልስ ይችላልና የሚቀረውን በጽሑፍ አስልተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ኤስኤስአይ የሚባለውን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን የሚሰጠውን የፌዴራል ድጎማ የሚቀበል ሰው ደግሞ በባንክ ከ2,000 ዶላር በላይ ከተገኘበት ድጎማው ይቋረጣል። ለዚህ የሚሆን ልዩ የአደራ ሒሳብ አለ፤ የሚከፈተው ግን ቼኩ በስማችሁ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ ጠበቃችሁን አስቀድማችሁ አነጋግሩ።