ፍሬንም ነዳጅም ያልረገጥኩባት ሰከንድ ተኩል

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ ጋራዥ ድረስ እየመጣችሁ ትራክ፣ ማለትም የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ፣ ላይ ስለ መንዳት ትጠይቁኛላችሁ። አንዱ ኳታር ሊሄድ ቪዛ ይጠብቃል። አንዱ ፖሊ ግቢ መኪና ይማራል። አንዱ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ መሪ ገጥሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲሙሌተር ሲነዳ ያድራል፣ እናቱ መጥታ ነግራኛለች። ባሕር ዳር ላይ የመኪና ትራክ የለም፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ ዱባይ ሄጄ ነድቻለሁ፣ ወሬውም ተሰምቷል። የተሰማው ግን «ጋሼ ትራክ ነዳ» የሚለው ብቻ ነው። እንዴት እንዳፈርኩ የነገራችሁ የለም።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሹፌርም፣ መካኒክም፣ መንጃ ፈቃድ አሰልጣኝም ሆኜ ኖሬአለሁ። አዲስ አበባ ባሕር ዳር መስመር ላይ የአባይን በረሃ ስንት ጊዜ እንደወረድኩት ቁጥሩን አላውቀውም። እና የእህቴ ልጅ ዱባይ አውቶድሮም ወስዶኝ በገዛ መኪናው፣ ቶዮታ 86 ናት፣ «እስቲ ጋሼ» ሲለኝ፣ እውነቱን ለመናገር በልቤ ይሄ ልጅ ዛሬ ይማራል ብዬ ነበር። ትራኩ ረጅሙ አቀማመጥ 5.39 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኛ የነዳነው አጠር ያለውን ነው። ላብ እስኪያጠምቀኝ ነዳሁ። ጎማው ጮኸ። ከመኪናዋ ስወርድ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ደስታዬ ግን አይጣል ነው። ከዚያ ልጁ ስልኩን አውጥቶ የእኔን ምርጥ ዙር ከእሱ ዙር ጋር አስተያየልኝ። 11 ሰከንድ! በአንድ ዙር፣ በአንድ መኪና፣ 11 ሰከንድ በለጠኝ።

መጀመሪያ ያልኩት «ስልክህ ተሳስቷል» ነው። ሁላችሁም ይህንኑ ነው የምትሉት፣ ስለዚህ ብላችሁ ጨርሱት።

ማታ ቤት ገብተን የሁለታችንን ዙር ግራፍ ከፈትነው። አንድ መስመር የእኔ ፍጥነት፣ አንድ መስመር የእሱ፤ ከታች የተዘረጋው የሰዓት ሳይሆን የትራኩ ርቀት ነው። ይህን ልብ በሉ። ሁለት ዙር በሰዓት ብታስተያዩ፣ አንዱ ሰው የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ወደኋላ ከቀረ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛነፋል፤ እሱ ቀጥታው ላይ ሲሆን እናንተ ገና ኩርባው ውስጥ ናችሁ። በርቀት ሲሆን ግን ያው ቦታ፣ ያው ሜትር ላይ ማን በምን ፍጥነት እንዳለፈ ይታያል።

እኔ ጠፋሁበት ብዬ የገመትኩት ቦታ ትልቁ ኩርባ ነበር፣ ፈርቼ ነበርና። እዚያ ብዙም አልተበለጥኩም። የተበለጥኩት ምንም ባልተሰማኝ ቦታ ነው። ከነዳጅ ላይ እግሬን አነሳለሁ፣ ከዚያ አስባለሁ፣ ከዚያ ፍሬን እይዛለሁ። መስመሩ ላይ ይታያል፤ ፍጥነቱ ሽቅብ ሲሄድ ቆይቶ ጫፉ እንደ ጉብታ ክብ ይላል፣ ከዚያ ነው የሚወርደው። የእሱ ጫፍ እንደ ጣሪያ ሹል ነው። የእኔን ስንቆጥረው አንዳንዱ ቦታ ሰከንድ ተኩል ይሆናል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሰከንድ ተኩል ማለት 42 ሜትር ገደማ ነው። 42 ሜትር ሙሉ ፍሬንም ነዳጅም ሳልረግጥ፣ መሪ ይዤ ተቀምጬ ተጓዝኩ ማለት ነው። ያውም በየኩርባው።

አያችሁ፣ ይህ የፍርሃት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የልማድ ጉዳይ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳፋሪ እንዳይወድቅ፣ የእንቁላል ካርቶን እንዳይንሸራተት ብዬ ነው ፍሬን የያዝኩት፤ መጀመሪያ ለስለስ፣ መጨረሻ ላይ ጠንከር። ትራክ ላይ የሚፈለገው የዚህ ግልባጭ ነው። መጀመሪያ፣ መኪናዋ ገና ቀጥ ብላ ሳለች በደንብ ትረግጣለህ፣ ወደ ኩርባው ስትገባ እየለቀቅክ ትሄዳለህ። ለመንገድ እኔ ያስተማርኳችሁ ትክክል ነው፣ አትተዉት። ቦታው ሌላ ሆኖ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግራፉን የሚያወጣው ፕሮግራም የሁለቱን ዙር የሰዓት ልዩነት የሚያሳይ መስመር አለው። መስመሩ ወደ ላይ ሲወጣ እየተበለጥክ ነው። ልጆች ይህን ያዩና መስመሩ የወጣበት ቦታ ላይ ይጮሃሉ፣ «ቀጥታው ላይ ነው የበለጠኝ፣ ሞተሩ ደካማ ነው» ይላሉ። አይደለም። በሽታው ከዚያ በፊት ነው ያለው። እኔ አንድ ኩርባ ላይ ፍሬን ከእሱ 15 ሜትር ዘግይቼ ነበር የያዝኩት። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ግራፉ ላይ ሲታይ በፍጥነት በ6 ኪሎ ሜትር በሰዓት በልጬ ገብቻለሁ፤ ከዚያ መኪናዋ አልዞር አለችኝ፣ ጠበቅኳት፣ ነዳጅ ለመስጠት ዘገየሁ፣ በ9 ኪሎ ሜትር ተበልጬ ወጣሁ። ያንን 9 ኪሎ ሜትር ቀጥታውን ሙሉ ተሸክሜው ሄድኩ። ደብተር አውጥቼ አስላሁት፤ 400 ሜትር ቀጥታ ላይ በ80 ፋንታ በ84 ብትወጣ እንኳ ሩብ ሰከንድ ገደማ ታተርፋለህ። በ4 ኪሎ ሜትር ብቻ! ስለዚህ ሰዓቱ የጠፋበትን ቦታ ስታገኙ ጣታችሁን እዚያ አታቁሙ። ወደኋላ ጎትቱት፣ የፍጥነቱ ዝቅተኛ ነጥብ የት እንደነበር፣ ፍሬን የት እንደተያዘ እስክታዩ ድረስ።

ሌላም ነገር ልጨምር። መጀመሪያ አንድ ዓይነት መሆንን ተማሩ። እኔ በአምስት ዙር ውስጥ ያንኑ ኩርባ ፍሬን የያዝኩበት ቦታ 20 ሜትር ይለያይ ነበር፤ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ። እንዲህ እየነዳችሁ «ዛሬ 5 ሜትር ዘግይቼ ልሞክር» ማለት ቀልድ ነው፣ ውጤቱ ከሙከራው ይምጣ ከእድል አታውቁትም። በአንድ ምሽት አንድ ኩርባ፣ አንድ ጥያቄ። ወረቀት ላይ ጻፉትና ግቡ። ፕሮግራሙ የየዙሩን ምርጥ ቁራጭ ገጣጥሞ «ይህን ያህል መንዳት ትችል ነበር» የሚለውን ቁጥር ደግሞ አትመኑት፤ አንዱ ቁራጭ ምርጥ የሆነው ሌላው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

ስለ ዕቃው ትጠይቁኛላችሁ፣ ባጭሩ ልመልስ። የስልክ ጂፒኤስ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ አንድ ጊዜ ነው ቦታህን የሚመዘግበው። በ100 ፍጥነት በአንዱ ነጥብና በሌላው መካከል 28 ሜትር አለ፤ በዚያ ፍሬን የያዝክበትን ቦታ አትፈልግ። በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመዘግብ ትንሽ የጂፒኤስ መቀበያ ካለህ ክፍተቱ ከ3 ሜትር በታች ይሆናል። ለጀማሪ ይበቃል። ካሜራ ካለ ደግሞ ጥሩ፣ ግራፉ የማያሳየውን ዓይንህ የት ያይ እንደነበር ይነግርሃል።

መካኒክ ነኝና ይህችን ሳልናገር አልቀርም። ከ100 ወደ 140 ስትወጣ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። የአባይ በረሃ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፣ እዚያ ማርሽ ሳይቀንስ በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ያውቀዋል። ትራክ ላይ ማርሽ ቀንሰህ አዝግመህ አትወርድም፣ በየኩርባው ትረግጠዋለህ። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን መለኪያው 155 ድረስ ይወርዳል። የሁለት ሦስት ዓመት ዘይት ይዘህ ገብተህ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ቢሆንብህ ዳታው «ፍሬን ቀድሞ ያዘ» ብሎ ነው የሚጽፍልህ። ፈሪ ሆነህ አይደለም፣ ዘይትህ ነው። መጀመሪያ መኪናዋን፣ ከዚያ ሰውየውን።

አንዱ ልጅ ደግሞ «የአጎቴ ልጅ ዱባይ ያንኑ መኪና ይዞ ከእኔ ለምን ፈጠነ» ብሎ ተናዶ መጣ። ልጄ፣ እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ሳስቷል። አየር በግፊት የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ሰው ከሰው ይወዳደር፣ ጣና ከባሕር ዳርቻ ጋር አይወዳደርም።

እና እባካችሁ፣ ይህን ሁሉ ሰምታችሁ በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው የአባይ ድልድይ ላይ ሌሊት ስልክ ከፍታችሁ ሰዓት እንዳትይዙ። 380 ሜትር ነው፤ ባጃጅ አለ፣ እግረኛ አለ፣ ከሥራ የምትመለስ እህታችሁ አለች። የሚያደርገውን ሰው አውቀዋለሁ፣ ስሙን አልጠራም፣ እሱም ያውቃል።

ትራክ እስክታገኙ የምትማሩበት ነገር ደጃችሁ አለ። ብስክሌት። ከተማችን ሜዳ ነው። ባዶ ግቢ ፈልጉ፣ አራት ድንጋይ አስቀምጡ፣ ስልኩን ኪሳችሁ ከትታችሁ አሥር ዙር ዙሩ። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የስልኩ ነጥቦች ከ6 ሜትር በታች ነው የሚራራቁት፣ ስለዚህ መስመሩ ይነበባል። ፔዳል መምታት ያቆማችሁበትንና ፍሬን የያዛችሁበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ መካከል ያለውን በእርምጃ ለኩት። እኔ ከዱባይ ተመልሼ በዚህ ዕድሜዬ ሞከርኩት፣ ሰፈሩ ሳቀብኝ። መጀመሪያ 7 እርምጃ ነበር። አሁን 2 ነው።

ሲሙሌተር የምትነዳው፣ አንተም ዳታ ማውጣት ትችላለህ፣ እናትህን ግን አስተኛት።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ነኝ። ፋይላችሁን ይዛችሁ ኑ። ሃያ ዙር አታምጡብኝ፣ ዓይኔም አይችልም። ሁለት ይበቃል፤ ምርጡና ከእሱ ቀጥሎ ያለው። ቡናው በእናንተ ነው።